ቅሬ የሌላቸው ልጆች

ጆንያው ነው ያናደደኝ። ሌላው ሌላው ይቅር። ንግግሩ ቢንዛዛ፣ ማይክራፎኑ ቢያፏጭ፣ ወንበሩ ወገቤን ቢቆርጠኝ ችዬዋለሁ፤ አስተማሪ ሆኖ ጡረታ የወጣ ሰው ስብሰባ መቻል አያቅተውም። መካነ ሰላም፣ አንድ አዲስ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ ያሳደገኝ የበጎ አድራጎት ድርጅት የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር የክብር እንግዳ ብሎ ከደሴ አስጠርቶኝ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጫለሁ። የጎዳና ልጆችን ሰብስቦ፣ አስተምሮ፣ ዩኒቨርሲቲ ድረስ የሚያደርስ ድርጅት ነው፤ ሥራው የተባረከ ነው፣ በዚህ ከማንም ጋር አልከራከርም። ዘንድሮ ከሚሄዱት መካከል መዲና የምትባል ልጅ ሕክምና እንደደረሳት ነግረውኝ፣ እስካያት ድረስ ቸኩዬ ነበር። መጋረጃው ሲገለጥ አየኋት። ጆንያ ለብሳለች። ለአንገትና ለእጅ የተቀደደ ጆንያ። ፊቷን ከሰል ቀብተዋታል፣ እግሯ ባዶ ነው፣ እጇን ዘርግታ መድረኩ ላይ ትንፏቀቃለች። ነገ ዶክተርነት ልትማር የምትሄድ ልጅ! ከኋላዋ ያሉት ጓደኞቿም ጆንያ ለብሰው "ራበን፣ ራበን" ይላሉ። መጨረሻ ላይ ጆንያውን አውልቀው ጥቁር ጋዋን ይለብሳሉ፣ ያን ጊዜ እንድናጨበጭብ ተነግሮናል። እንግዶቹ በስልካቸው ይቀርፃሉ። አንዲት ሴትዮ እንባዋን ትጠርጋለች።

ሥራ አስኪያጁ ክራባት አንገቱን ያነቀው ወጣት ነው። ጠጋ ብሎ "እንዴት ነው እትዬ ከድጃ፣ የድሮው ትዝ አላለዎትም?" አለኝ።

"ጆንያውን ከየት አመጣችሁት?" አልኩት።

"ከእህል በረንዳ ገዛነው። አዲሱ ጆንያ አያምርም፤ እውነተኛ እንዲመስል ብለን ያገለገለ ነው የፈለግነው።"

እውነተኛ እንዲመስል! ደሜ ፈላ። እንግዲህ ልጆቹ ከመድረኩ ወርደው በመካከላችን እጃቸውን እየዘረጉ ሲያልፉ ያ ሽታ አፍንጫዬ ገባ። ጆንያ ሽታ የለውም የሚል ሰው በጆንያ ተኝቶ አያውቅም። አለው። የቃጫ፣ የገብስ አቧራ፣ የአይጥ፣ ትንሽ ደግሞ የናፍጣ ሽታ አለው፤ ከደሴ በጉጉፍቱ ብርድ፣ በአቀስታ ጭቃ አድርጎ የሚመጣው የጭነት መኪና እህሉን ከናፍጣ በርሜል ጋር ነበር የሚጭነው። በዚያ ሽታ ውስጥ ያደገች ልጅ ሽቶ ብትቀባም አትረሳውም። ፊተኛው ረድፍ ላይ እንደተቀመጥኩ በሐሳቤ ወደ ልጅነቴ ሄድኩ።

ስንት ዓመተ ምሕረት ነበር አትበሉኝ። ንጉሡ ገና አልወረዱም ነበር፤ ዝናቡ ግን ከቀረ ከርሟል። እኛ የመጣነው ከከላላ በኩል ነው። አባቴ አገር ቤት ቀረ፣ እናቴ ይዛኝ መጣች፤ እሷም መካነ ሰላም ገበያ ጫፍ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ድካሟን አሳርፋ ሳትነሳ ቀረች። ይህን ከዚህ በላይ አልተርከውም፣ ለማንም እንባ ማፍሰሻ እንዲሆን አልፈልግም። ከዚያ በኋላ ቤቴ እህል በረንዳ ሆነ። ቆርቆሮው ዝገት የበላው ረጅም በረንዳ ነበር፤ በአንድ ጎኑ ልብስ ሰፊው መኪናውን አውጥቶ አቡጀዲ ሲቀድ ይውላል፣ በሌላው ጎኑ የጭነት መኪናዎቹ ይቆማሉ። ዳቦ በአምስት ሳንቲም፣ ሻይ በአሥር ሳንቲም ነበር፤ ርካሽ ነበር እያሉ የዘመኑን ጥጋብ የሚያወሩ ሰዎች ሳንቲሙ ከየት ይመጣ እንደነበር አይነግሯችሁም። ኮንጎ ጫማ ያደረገ ሰው ሲያልፍ፣ ከላስቲኩ የሚወጣውን ጥርቅ ጥርቅ የሚል ድምፅ ሰምተን ማን እንደሆነ እናውቅ ነበር፤ ባለ ኮንጎው ጥቂት ነዋ።

ለምነናል፣ አልዋሽም። ግን ውሏችን ልመና አልነበረም። መዲናና ጓደኞቿ እጃቸውን ዘርግተው ሲንፏቀቁ "ኧረ እኛ እንዲህ አልነበርንም!" ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም ነበር። እኛ ሠራተኞች ነበርን። በረንዳውን ከፋፍለን የየራሳችን ድርሻ ነበረን፤ ነጋዴው ሰፍሮ ሲነሳ የፈሰሰውን እህል በጭራሮ መጥረጊያ እንጠርጋለን፣ ከአቧራው እናነፍሳለን፣ ጠጠሩን እንለቅማለን፣ ቆልተን እንካፈላለን። የሰው ድርሻ የጠረገ ልጅ የዚያን ቀን አይበላም። ከነጋዴዎቹ መሃል በአለንጋ የሚያባርሩን ነበሩ። ደግሞ አንድ ሐጂ ነበሩ፣ ሰፍረው ሲያበቁ ቁናውን "ኡፍ" ብለው ዘንበል ያደርጉታል፣ እፍኝ ገብስ መሬት ይፈሳል፣ "እርጅና እኮ ነው፣ እጄ አልያዝ አለኝ" ይላሉ። እጃቸው ደህና ነበር። ሁልጊዜ የሚፈሰው ደግሞ እኛ ያለንበት ጎን ነው። አንድም ቀን "እንካችሁ" ብለውን አያውቁም። ያንን ሰውዬ መድረክ ላይ ያሳየ የለም፤ ሰጪው ከነፎቶው፣ ተቀባዩ ከነጆንያው ብቻ ነው የሚታየው።

ከዚያ ዘመን ተገለበጠ። በረንዳው ላይ የማናውቀው መዝሙር መጣ፣ ካኪ የለበሱ ዘማቾች መጡ፣ አፍሮ ያበጠሩ፣ ቦላሌ ሱሪያቸው መንገዱን የሚጠርግ። ልብስ ሰፊው እንኳ አቡጀዲውን ትቶ ካኪ ብቻ መስፋት ጀመረ። አንዷ ዘማች በከሰል በረንዳው ግድግዳ ላይ ሀ ሁ ጻፈችልን። ከሰሉን እኛም ያን ጊዜ ነክተነዋል፤ ለፊት ግን አልነበረም፣ ለፊደል ነበር። ዘማቿ ሳትሰናበተን ሄደች፣ ወዴት እንደሄደች የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ መጠየቅ የሚያስፈራበት ጊዜ ደርሶ ነበር። ድርጅቱ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ከትምህርት ቤቱ በላይ ቆርቆሮ ቤት ሠራ፣ ዙሪያውን ረጅም የግንድ አጥር አጠረ፣ እኛን ሰብስቦ በረንዳውን ባዶ አደረገው። ኃላፊው አቶ ዘውዱ ይባላሉ፣ የደሴ ሰው፣ መነጽራቸው ወፍራም። አሳዳጊያችን ደግሞ እትዬ አስካለ፣ ከአቀስታ የመጡ ባለ ትልቅ ድምፅ መበለት። ለአረፋ ለእስላሞቹ በአንዱ ድስት፣ ለፋሲካ ለክርስቲያኖቹ በሌላው ድስት ይቀቅሉልናል፤ ከየትኛው እንደሆነ የማያውቅ ልጅ ሲመጣ "እስክታስታውስ ድረስ ሽሮ ብላ" ይሉታል። አንዳንዱ ሥጋው ሲሸተው ቶሎ ያስታውሳል።

አቶ ዘውዱን ላመስግናቸው፣ የሚገባቸው ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚመጡት ጎብኚዎች "ለበረንዳ ልጅ ሽመናና አናጢነት ይበቃዋል፤ ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ እጅ ሥራ ይማሩና ይውጡ" ይሉ ነበር። ለበረንዳ ልጅ ይበቃዋል! መጥኖ የሰጠን ማን ነው? አቶ ዘውዱ ግን አሻፈረኝ አሉ። "ሸማኔ መሆን የሚፈልግ ሸማኔ ይሁን፤ ፊዚክስ የሚፈልገውን ግን መወርወሪያ አላስይዘውም" ብለው ተሟገቱ። ማታ ማታ የሚያስጠኑን አስተማሪዎች ቀጠሩ፣ ማሾ ገዙ፣ መጻሕፍት ከደሴ በአህያ ሳይቀር አስመጡ። ዛሬ ድርጅቱ በየበዓሉ የሚኮራበት ነገር የዚያ ሰውዬ ግትርነት ነው።

ደግነታቸው ግን አጥር ነበረው። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይሆናል፤ የሞተውን ይቀብራል፣ ሐዘንተኛውን ያስተዛዝናል፣ የተጣላውን ይዳኛል። ጠሪው ኮረብታው ላይ ወጥቶ "ቅሬ! የሰማህ ላልሰማህ አሰማ!" ሲል እህል አፉ ላይ የያዘ ሰው እንኳ ዋጥ አድርጎ ይወጣል። አባል የሚሆነው ምድጃ ያለው ቤት ነው። ቅሬ የሌለው ሰው እዚያ አገር ሰው ለመባል ትንሽ ይጎድለዋል። ግቢው ሲከፈት የቅሬው ሽማግሌዎች ራሳቸው መጥተው "ጢሳችሁን እያየን ነው፣ ግቡና እንቀባበር" አሏቸው። አቶ ዘውዱ መነጽራቸውን እየጠረጉ "እኛ ድርጅት ነን። ድርጅት አይቀብርም፣ አይቀበርም" አሉ። ሽማግሌዎቹ በትራቸውን አንስተው ሄዱ። እንዲህ ዓይነት ስሕተት የሚሠራው ደሴ ተምሮ የመጣ ሰው ነው፤ እንጀራ ሰጥቶን፣ ልብስ ሰጥቶን፣ ፊደል ሰጥቶን፣ ከከተማው ጋር ግን ሳያስተዋውቀን ቀረ። ጌጤ የምትባል ጓደኛችን በሳንባ ምች ስትሞት ጠሪው ኮረብታው ላይ አልወጣም። አቶ ዘውዱ፣ ዘበኛውና እኛ ብቻ ቀበርናት። የገበያ ሰው ቆሞ አየን፣ ማንም አልተከተለን። በከተማውም ተናድጄ ነበር፣ በአቶ ዘውዱም ተናድጄ ነበር፣ አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ድርጅት አይቀበርም፣ ጌጤ ግን ተቀበረች።

ከዚያ የከተማው ወንዶች ለእናት አገር ጥሪ እየተባለ ተጠራርገው የሄዱበት ዘመን መጣ። አንድ ማለዳ ጠሪው እንድሪስ "የሼህ ይማም ባለቤት!" እያለ ሲጮህ ሰማን። ሼህ ይማም የቅሬው ዳኛ ናቸው፤ በትራቸውን አንስተው ከሄዱት ሽማግሌዎች ዋናው። የወጡት ሽማግሌዎችና ሴቶች ብቻ ነበሩ፣ ጉድጓድ የሚቆፍር ክንድ ጠፋ። እትዬ አስካለ ድምፁን ሰምተው የግቢውን በር ወለል አደረጉት። አቶ ዘውዱ "የኛ ጉዳይ አይደለም፣ ጥናት አለባቸው" ቢሉ "ጥናቱ ይጠብቃል፣ ሬሳ አይጠብቅም" ብለው አለፏቸው። የግቢያችን ወንዶች ልጆች ዶማ ይዘው መቃብር ቆፈሩ፣ ቃሬዛውን ተሸከሙ። እኛ ሴቶቹ ከምንጩ ውኃ አመላለስን፣ እንጨት ተሸከምን፣ የሐዘንተኛውን ዕቃ አጠብን። የጠራን የለም፣ ያመሰገነንም የለም። ሼህ ይማም ብቻ ስንወጣ በር ላይ ቆመው እያንዳንዳችንን አዩን፣ "የማን ልጆች ናችሁ?" አሉ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አስተካክለው "የኔ ናቸው፣ አንቱ ሼህ፣ ሌላ የማን ይሆናሉ" አሏቸው።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ሲመጣ ከግቢው ልጆች ዩኒቨርሲቲ የደረሰኝ እኔ ነኝ፣ የመጀመሪያዋ። አቶ ዘውዱ መነጽራቸውን አውልቀው አለቀሱ። ሻንጣ ገዙልኝ፣ ካርቶን መሳዩን ቡናማ ሻንጣ፤ ጫማም ገዙልኝ፣ ኮንጎ ሳይሆን የቆዳ። በደስታችን መሃል ያላሰብነው አንድ ነገር ነበር። ያን ጊዜ ካለ ይለፍ ወረቀት ከወረዳ መውጣት የለም፤ ኬላው ላይ ያስቀሩሃል። ይለፉን የሚሰጠው የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። ከአቶ ዘውዱ ጋር ሄድን። ቀና ብሎም አላየኝ።

"አዲስ አበባ የሚሄድ ወጣት ዋስ ያመጣል። ቤትና ምድጃ ያለው፣ የሚያውቃት ዋስ።"

"ድርጅቱ ዋስ ይሆናታል" አሉ አቶ ዘውዱ።

"ድርጅት ይታሠራል እንዴ? እሷ አዲስ አበባ ገብታ ጸረ ሕዝብ ብትሆን ማንን ነው የምይዘው? አጥሩን?"

አቶ ዘውዱ ወደ ትልልቆቹ ሰዎች ሮጡ፤ በየጉብኝቱ ግቢያችን መጥተው ራሳችንን ይዳብሱን ወደነበሩት። አንዱ "መንገድ ላይ ነኝ" አለ፣ አንዱ ታመመ፣ አንዱ "በረንዳ ያደገች ልጅ ምን እንደምትሆን በምን አውቃለሁ?" አለ። ፈርተው እንደሆነ ይገባኛል፣ የዋስ ቤት ሲፈተሽ አይተናል። የመጨረሻው ግን አልገባኝም፣ እስከ ዛሬም አልገባኝም። የመግቢያው ቀን እየቀረበ ነበር፤ ካለፈ አለፈ ነው፣ ሽመናው ይጠብቀኛል። ሻንጣዬን ከአልጋዬ ሥር ገፋሁትና ላለማየት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ይህን ያዩት እትዬ አስካለ ናቸው። መቀነታቸውን አጥብቀው ወጡ፣ ወደ ሼህ ይማም ቤት።

እሑድ የቅሬው ስብሰባ ላይ ከሴቶቹ ጎን ሣር ላይ ተቀመጥኩ። ሊቀመንበሩም አለ፤ ሊቀመንበር ቢሆንም የቅሬው አባል ነው፣ አጠገቡ አሮጊት እናቱ ተቀምጠዋል። ሼህ ይማም ዱዓ አድርገው ሲያበቁ ዞሩበት።

"ከዚች ልጅ ዋስ ጠይቀሃል አሉኝ። ያ ጀማዓ፣ ቅሬው ዋሷ ነው። ጻፈን።"

"ሼህ ይማም፣ ልጅቷ የቅሬው አባል አይደለችም። የምድጃ ልጅ አይደለችም።"

"የኔን ባለቤት ማን ቀበራት? የወለድኳቸው ግንባር ነበሩ። የቀበሩልኝ እነዚህ ናቸው። ወላሂ፣ ሬሳዬን የተሸከመ ልጅ ቅሬ የለውም ስትለኝ እኔን አላውቅህም እያልከኝ ነው።" ወደ ሰዉ ዘወር አሉ። "የአስካለ ግቢ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ጢስ ነው። የሚቃወም አለ?"

የሚቃወም አልነበረም። ጥምጥም የጠመጠሙት ቄስ እንኳ "መዘግየታችን ያሳፍራል" አሉ።

ሊቀመንበሩ ግን ተነሳ። "መመሪያው አይፈቅድልኝም" አለ።

"ደግ። ያንተን እምቢታ እናከብራለን" አሉ ሼህ ይማም፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ። "አንተም የኛን ታከብራለህ። ካሁን ወዲያ እሳት አይጫርልህም፣ ለቅሶህ አይደረስም፣ ጠሪው ስምህን አይጠራም። ቤትህን አናውቀውም።"

ያን ጊዜ የሊቀመንበሩ እናት ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ ከብዙ ማቃሰት በኋላ ብድግ አሉ።

"አንተ ልጅ" አሉት፣ "እኔን ማን ሊቀብረኝ ነው? መመሪያው?"

መጀመሪያ የሳቁት ሴቶቹ ናቸው። ሳቁ ወደ ወንዶቹ ዘለቀ፣ ሊቀመንበሩ ራሱ አንገቱን ደፍቶ ትከሻው ሲነቀነቅ አየሁት። ሰኞ ጠዋት ይለፌ ተሰጠኝ። ነገሩ ግን የሳቅ አልነበረም። በዚያ ዘመን ዋስ መሆን ማለት እኔ አንድ ነገር ብሆን መንደሩ በሙሉ ይጠየቃል ማለት ነበር፤ እነዚያ ገበሬና ቸርቻሪ ሽማግሌዎች ራሳቸውን አስያዙልኝ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ስንት ጊዜ ሊያባክነኝ የመጣ ነገር "ሼህ ይማምን ይይዟቸዋል" ብዬ ስላሰብኩ ብቻ አልፎኛል።

የሄድኩ ቀን ማለዳ የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ልገባ እግሬን ሳነሳ ከኮረብታው "ቅሬ! የሰማህ ላልሰማህ አሰማ!" የሚል ጩኸት መጣ። እንድሪስ የሚያውቀው አንድ አጠራር ብቻ ነው፤ ሌላ አጠራር የተማረበት ጊዜ የለም። ሰዉ ከየቤቱ "ማን ሞተ? ማን ሞተ?" እያለ ግር ብሎ ወጣ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው፣ አንዳንዷ ደረቷን ለመምታት ተዘጋጅታ። እትዬ አስካለ በዚያ ትልቅ ድምፃቸው "ምነው እናንተ! ነጠላችሁን አቅኑ! ልጄን በቁሟ ልትቀብሩብኝ ነው?" አሉ። ሼህ ይማም "የሞተ የለም። ልጃችን ልትማር ትሄዳለች። ለሞተ የምንወጣ ሰዎች ለሚሄድ ብንወጣ ምን ይጎድልብናል?" ብለው መረቁኝ። ባና አለበሱኝ፣ የባለቤታቸውን፤ የላስታ ሳይሆን የኛው የወሎ ቦረና ሱፍ፣ ብርድ የማያስገባ። አቶ ዘውዱ ከሰው ኋላ ቆመው ነበር፤ በኋላ እንደሰማሁት በሚቀጥለው እሑድ የቅሬው ሣር ላይ ተቀምጠው ታዩ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዤ ነው ስሜ ተጠርቶ መድረክ ላይ የወጣሁት። ሥራ አስኪያጁ "ባጭሩ፣ ድርጅቱ ከጎዳና እንዴት እንዳወጣዎት ይንገሩን" አለኝ። መዲና ጥግ ላይ ጆንያዋን እንደለበሰች ቆማ ጋዋኗን ትጠብቃለች።

"እንደዚህ ነበር የምትተኚው?" ብዬ እሷን ጠየቅኋት፣ ማይክራፎኑን ሳላርቅ።

አፈረች። "አይ፣ እትዬ። እኔ ከመናኸሪያው ጀርባ በካርቶን ነው የተኛሁት። ነግሬያቸው ነበር፤ ካርቶን አያምርም አሉኝ።"

አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ተሰማ፣ ወዲያው ደግሞ ቆመ። "አውልቂው፣ ልጄ" አልኳት። አወለቀችው። ከሥሩ ንጹሕ ሸሚዟን ለብሳለች። ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞርኩ። "እነዚህ ልጆች የየትኛው ቅሬ ናቸው?"

"እትዬ፣ ሁሉም የጤና ኢንሹራንስ አላቸው።"

"ኢንሹራንሱ ለቅሶ ይደርሳል? ነገ ስትሄድ ማን ነው የሚሸኛት?"

"የድርጅቱ መኪና ደሴ ድረስ ያደርሳታል። ሹፌሩ ጥንቁቅ ነው።"

የተናገርኩትን ሁሉ እዚህ አልደግመውም፣ ከቪዲዮው እንደሚቆርጡትም ነግረውኛል። ይቁረጡ። እናንተ ክፍያውን ትከፍላላችሁ፣ ላፕቶፕ ትሰጣላችሁ፣ እግዜርም አላህም ይስጣችሁ፤ ግን ልጅ ከጎዳና ሲነሳ ወደ አንድ ሰፈር መግባት አለበት፣ ወደ ፎቶ አይደለም፤ ብዬ ወረድኩ። ከዚያ በቀጥታ የሄድኩት የእንድሪስ ልጅ ዘንድ ነው። አባቱን ተክቶ ጠሪ ሆኗል፣ ኮረብታ መውጣት ቀርቶለት በሜጋፎን ነው የሚጠራው። ማለዳ ለመዲና ቅሬውን እንዲጠራልኝ ነገርኩት። ራሱን አከከ። "የሞተ ሳይኖር ቅሬ አይጠራም እትዬ ከድጃ። ሰዉ ያኮርፈኛል። ዳኛውን ልጠይቅ እስቲ፣ ኢንሻአላህ" አለኝ። የዚህ ዓይነቱን ኢንሻአላህ አውቀዋለሁ። ተቆጥቼ ወጣሁ።

ማለዳ ከጉም ጋር ግቢው በር ላይ ደረስኩ። ያንን ባና ለብሻለሁ፣ ዳር ዳሩ አልቋል። ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ሰዓቱን ያያል። መዲና ቦርሳዋን ታቅፋ ብቻዋን ቆማለች፤ ጓደኞቿ ፈተና አለባቸው ተብሎ አልተፈቀደላቸውም። ፊቷ ላይ ከጆሮዋ ሥር ያልታጠበ ከሰል ቀርቷል፣ በባናዬ ጫፍ ጠረግኩላት። መንገዱ ባዶ ነው። በስንቱ እንደተናደድኩ አልነግራችሁም፤ በሥራ አስኪያጁ፣ በእንድሪስ ልጅ፣ በራሱ በከተማው። በሩን ከፈትኩላት። አንድ እግሯን አስገባች።

ያን ጊዜ ከመስጊዱ በኩል የሚንኮሻኮሽ ሜጋፎን ተሰማ። "ቅሬ! የሰማህ ላልሰማህ አሰማ!" በሮች ሲከፈቱ፣ ሰው ሲሮጥ፣ ውሻ ሲጮህ ሰማሁ። መዲና ደንግጣ እግሯን ከመኪናው መልሳ አወጣች፣ ሻርፗን አንገቷ ላይ እያጠበቀች እጄን ያዘችኝ።

"ያ ረቢ! ማን ሞቶ ነው እትዬ?"

"ማንም አልሞተም" አልኳት። "የተጠራው ላንቺ ነው። ቁሚና ጠብቂያቸው።"